በአንድ የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚተዳደሩ በርካታ ድረ ገጾች፦ አሠራራቸውና ተገልጋዩ ሊያውቀው የሚገባ

የመንግሥት አገልግሎት ፈላጊዎች ከአንድ ተቋም ድረ ገጽ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ገጽታ ያጋጥማቸዋል። አርማው፣ የቋንቋ መምረጫው፣ የማስታወቂያው ዓምድና ከግርጌ ያለው አድራሻ በየቦታቸው ይገኛሉ፤ የሚለወጠው የተቋሙ ስም ብቻ ይመስላል። ለዚህ መመሳሰል ዋነኛው ምክንያት ድረ ገጾቹ በአንድ የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አማካይነት በጋራ የሚተዳደሩ መሆናቸው ነው።

ከመመሳሰሉ የተነሣ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ይፈጠራሉ። አንደኛው፣ መልካቸው አንድ የሆነ ድረ ገጾች የያዙት መረጃም አንድ ነው የሚለው ግምት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመንግሥት ድረ ገጽ የሚመስል ሁሉ የመንግሥት ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ተገልጋዩን ላልተገባ ወጪና እንግልት ሊዳርጉ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የጋራ አሠራሩን በማብራራት በእነዚህ ድረ ገጾች ላይ የሚገኝን መረጃ እንዴት ማመዛዘን እንደሚገባ ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

የጋራ የሚሆነው ምኑ ነው?

የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የኮምፒውተር ፕሮግራም የመጻፍ ሙያ የሌለው ባለሙያ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ሰነድ በድረ ገጽ ላይ እንዲያወጣ፣ እንዲያርምና እንዲያነሣ የሚያስችል መሣሪያ ነው። በስፋት ከሚታወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው ድሩፓል፣ በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ እንዲሁም ጁምላና ታይፖ3 ይገኙበታል። አራቱም የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው፣ ምንጫቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ናቸው።

እንዲህ ያለ ድረ ገጽ በሦስት ክፍሎች የቆመ ነው። የመጀመሪያው ሥራውን የሚያከናውነው የፕሮግራም ኮድ ነው። ሁለተኛው ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነትና የዓምዶቹን አቀማመጥ የሚወስነው የገጽታ ንድፍ ነው። ሦስተኛው ጽሑፉ የሚቀመጥበት የመረጃ ቋትና ሰነዶች የሚከማቹበት ማኅደር ነው። በርካታ ድረ ገጾች «በአንድ ሶፍትዌር ይሠራሉ» ሲባል የመጀመሪያው ክፍል የጋራ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሁለተኛውም አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ይሆናል። ሦስተኛው ግን የየተቋሙ ነው። ነገሩን ከጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጋር ማነጻጸር ይቻላል፦ መሠረቱ፣ ደረጃውና የውኃ መስመሩ የጋራ ናቸው፤ በየቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን የየነዋሪው ነው፤ አንዱ ቤቱን ስላጸዳ የጎረቤቱ ቤት አይጸዳም።

የአከፋፈሉ ዝርዝር እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 በወጣው 3.0 እትሙ፣ ቀደም ሲል ራሱን ችሎ ይሠራጭ የነበረውን የብዙ ድረ ገጾች እትም ከዋናው ሶፍትዌር ጋር አዋሕዷል። በዚህ አሠራር ሁሉም ድረ ገጾች በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ የተለየ ሠንጠረዥ ይከፈትለታል። የተጠቃሚዎች መዝገብ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ተጨማሪ መሣሪያዎችን የመጫን ሥልጣን ያለው የኔትወርኩ የበላይ አስተዳዳሪ ሲሆን፣ የየተቋሙ አስተዳዳሪ የራሱን ይዘት ከማውጣትና ከተፈቀዱለት መሣሪያዎች የሚሻውን ከመጠቀም ያለፈ ድርሻ የለውም። ድሩፓል በተለመደው አደረጃጀቱ ኮዱን የጋራ አድርጎ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን የመረጃ ቋትና የራሱን የማስተካከያ ፋይል ይሰጣል። ታይፖ3 በአንድ ተከላ ውስጥ በርካታ ድረ ገጾችን እንደ አንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ያስተዳድራል።

ለተገልጋዩ እነዚህ ዝርዝሮች ሩቅ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ይሁንና አንድ የሚያጋጥም ነገር ያስረዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ትናንት የተነበበ ማስታወቂያ ዛሬ ጠፍቶ፣ በምትኩ ከሳምንት በፊት የነበረው ተመልሶ ይገኛል። የመረጃ ቋቱ የጋራ በሆነበት አሠራር፣ የአንዱን ተቋም ብልሽት ለመጠገን መላው ቋት ከመጠባበቂያ ቅጂ እንዲመለስ ከተደረገ፣ ምንም ችግር ያልነበረባቸው ድረ ገጾችም ቅጂው ወደተወሰደበት ቀን ይመለሳሉ። እንዲህ ሲያጋጥም ማስታወቂያው ተሽሯል ብሎ ከመደምደም ተቋሙን መጠየቅ ይገባል።

መንግሥታት ይህን አሠራር ለምን ይመርጣሉ?

ዋናው ምክንያት ወጪና የሰው ኃይል ነው። እያንዳንዱ ተጠሪ ተቋም የራሱን ድረ ገጽ በየራሱ ሲያሠራ ለየብቻው ሰርቨር፣ ለየብቻው ባለሙያ፣ ለየብቻው የጥገና ውል ያስፈልገዋል። አነስተኛ ተቋማት ይህን አይችሉትም፤ ውጤቱም ከምረቃው ሥነ ሥርዓት በኋላ ማንም ያልነካው ድረ ገጽ ነው። ሶፍትዌሩ የጋራ ሲሆን አንድ የቴክኒክ ቡድን ሁሉንም ይጠብቃል፤ አንድ ቦታ የሠለጠነ ሠራተኛ ወደ ሌላ ተቋም ቢዛወርም አዲስ ሥልጠና አያስፈልገውም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያሳያል። የአውስትራሊያ የፋይናንስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 «ጎቭሲኤምኤስ» የተባለ በድሩፓል ላይ የተመሠረተ መድረክ አቋቁሟል። ተቋማቱ መድረኩን ይጋራሉ፤ ድረ ገጾቻቸው ግን በየስማቸው ይቀጥላሉ። ብሪታንያ ከዚህ ርቃ ሄዳለች። ጥቅምት 17 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «ጎቭ ዶት ዩኬ» የቀድሞዎቹን «ዳይሬክትገቭ» እና «ቢዝነስ ሊንክ» የተባሉ ድረ ገጾች ተክቶ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የሚኒስቴሮችንና ከ300 በላይ ተቋማትን ድረ ገጾች ወደ አንድ አድራሻ ሰብስቧል። የመጀመሪያው መንገድ የተቋማትን ነፃነት ይጠብቃል፤ ሆኖም ተመሳሳይ ጉዳይ በብዙ ቦታ እንዲጻፍ ያደርጋል። ሁለተኛው አንድ ጉዳይ አንድ ቦታ ብቻ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ለተገልጋዩ የሚሻለውም ይኸኛው ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከፍተኛ የማስተባበር ሥልጣንና ቋሚ የአርታኢዎች ቡድን ስለሚጠይቅ በቀላሉ የሚተገበር አይደለም።

የጋራ ሶፍትዌር የጋራ ስጋትም ነው

በጋራ ኮድ ላይ የሚገኝ አንድ ክፍተት ሁሉንም ድረ ገጾች ለአደጋ ያጋልጣል። ለዚህ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 2014 የተገለጸው የድሩፓል 7 ክፍተት ነው። ክፍተቱ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው ከርቀት ሆኖ ድረ ገጹን ሙሉ በሙሉ እንዲቆጣጠር የሚያስችል ነበር። ማሻሻያው በዚያው ዕለት የወጣ ቢሆንም ጥቃቱ በሰዓታት ውስጥ ተጀመረ። የሶፍትዌሩ የደኅንነት ቡድን በዚያው ወር መጨረሻ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ማስታወቂያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልተሻሻለ ማንኛውም የድሩፓል 7 ድረ ገጽ እንደ ተደፈረ ሊቆጠር ይገባል ብሏል። እነዚያ ሰባት ሰዓታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የነበሩ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የጋራ አሠራሩ ሁለቱም ገጽታዎች ይታያሉ። በሌሊት ተረኛ ያለው አንድ የቴክኒክ ቡድን ኮዱን አንድ ጊዜ በማሻሻል በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን ሊያድን ይችላል። ተረኛ ከሌለ ግን ሁሉም በአንድ ሌሊት ይወድቃሉ። ከዚህም ሌላ ሶፍትዌር ዕድሜ አለው፤ ድሩፓል 7 እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2025፣ ማለትም ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋዊ ድጋፉ ተቋርጧል። ድጋፉ በተቋረጠ እትም የሚሠራ ድረ ገጽ መከፈቱን ሊቀጥል ይችላል፤ አዲስ ክፍተት ቢገኝበት ግን ከአዘጋጆቹ ይፋዊ ማሻሻያ አያገኝም።

ተገልጋዮች በርካታ የመንግሥት ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ አልከፍት ቢሏቸው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው የጋራ መሠረት ነው፤ ምናልባትም ጥገና እየተደረገ ሊሆን ይችላል። የማመልከቻ መቀበያና የክፍያ ሥርዓቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከይዘት ማስተዳደሪያው ተለይተው የሚሠሩ በመሆናቸው፣ የመረጃው ድረ ገጽ ቢቋረጥም የማመልከቻው ሥርዓት ሊሠራ ይችላል።

መረጃው የማን ነው? መቼ የተጻፈ ነው?

ከሁሉም በላይ ተገልጋዩን የሚነካው ይህ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩ ኮድን ያጋራል እንጂ እውነትን አያጋራም። የአንድ አገልግሎት ክፍያ በተሻሻለ ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት የራሱን ገጽ ያርማል፤ መረጃውን ቀድሞ ገልብጦ ያወጣው የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ገጽ ግን በራሱ አይታረምም። ሁለቱ ገጾች በአንድ ገጽታና በአንድ አርማ ስለሚታዩ፣ አሮጌውን ያነበበ ሰው የሚጠራጠርበት ምክንያት አያገኝም። ከክልል ከተማ ተነሥቶ አዲስ አበባ የመጣ አመልካች በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሰነዱ አንድ ማስረጃ እንደሚጎድለው ቢነገረው፣ ጉዳቱ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪው ብቻ አይሆንም፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብም ሊያልፍበት ይችላል።

ይህን ለማስቀረት ተቋማት መከተል ያለባቸው አሠራር ግልጽ ነው፦ ክፍያ፣ ቀነ ገደብና የሚያስፈልጉ ሰነዶች በአንድ ገጽ ብቻ ይጻፋሉ፤ ሌሎች ድረ ገጾች ወደዚያ ገጽ ይመራሉ እንጂ አይገለብጡም። ሁሉም ተቋም ይህን ይከተላል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ስለዚህ ተመሳሳይ መረጃ በሁለት ድረ ገጾች ላይ ተለያይቶ ከተገኘ፣ አገልግሎቱን በቀጥታ የሚሰጠው ተቋም ገጽ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። በሕግ የተወሰነ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ከማናቸውም ድረ ገጽ በላይ የሚጸናው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በጋዜጣው የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ከታየ የአማርኛው የበላይነት አለው።

በሰነድ መልክ የሚጫኑ ቅጾችና መመሪያዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሠራተኛው አዲሱን ቅጽ ሲጭን አሮጌው በራሱ አይጠፋም፤ ከገጹ ላይ ማገናኛው ቢነሣም ፋይሉ በማኅደሩ ውስጥ እስካለ ድረስ በጎግል የፈለገ ሰው በቀጥታ ሊያገኘው ይችላል። ጠቃሚ ምልክት ግን አለ። ዎርድፕረስ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ሰነድ በተጫነበት ዓመትና ወር በተሰየመ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል። በመሆኑም የሰነዱን አድራሻ የተመለከተ ሰው በሁለት ጨረሮች መካከል እንደ 2021 ያለ ዓመት፣ ቀጥሎም የወሩን ቁጥር ሊያይ ይችላል። ቁጥሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አንድ ቅጽ ከአምስት ዓመት በፊት መጫኑ ብቻውን ተሽሯል ማለት አይደለም፤ ከመሙላት በፊት ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

የቋንቋ ቅጂዎችም እንዲሁ። ሶፍትዌሩ የአማርኛውን እርማት ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛ፣ ወደ ሶማልኛ ወይም ወደ አፋርኛ ገጽ አያሸጋግርም፤ እያንዳንዱ ቅጂ በሰው እጅ ይታረማል። አንዳንድ ተቋማት እንዲያውም ለእያንዳንዱ ቋንቋ በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ራሱን የቻለ ድረ ገጽ ይከፍታሉ። ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚያነቡ ተገልጋዮች የሁለቱን ገጾች ቀን ቢያነጻጽሩ ይመከራል።

ቀንና ሰዓት

ከላይ የተጠቀሱት ሶፍትዌሮች በሙሉ ከውጭ የመጡ በመሆናቸው፣ የተለየ ማስተካከያ ካልተደረገላቸው ቀንን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያትማሉ። ከዚያ የሚከፋው ሰዓቱ ነው። የሰዓት ክልል የሚሞላው ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ለየብቻ ነው፤ አዲስ የተከፈተ ድረ ገጽ የአዲስ አበባ ሰዓት ካልተሞላለት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሊቀጥል ይችላል፤ እርሱም ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የወጣ ማስታወቂያ «5:00» የሚል ምልክት ይታተምበታል። ይህን ያየ አንባቢ ማስታወቂያው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ እንደ ወጣ ቢያስብ አይፈረድበትም። በእኩለ ሌሊት ከገጹ ላይ እንዲነሣ የታዘዘ የምዝገባ ማገናኛም በተግባር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነሣል። ስለዚህ ቀነ ገደብን በሚመለከት ሊታመን የሚገባው በማስታወቂያው ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱና ጠዋት ወይም ምሽት መሆኑ ተገልጾ የተጻፈው ነው፤ ከርእሱ ሥር በሶፍትዌሩ የሚታተመው ሰዓት አይደለም።

አድራሻውን ማንበብ

የገጽታ ንድፎች በነፃ የሚገኙ መሆናቸው ለአጭበርባሪዎችም ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። የመንግሥትን ድረ ገጽ መልክ፣ አርማውን ጨምሮ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ማስመሰል የሚያዳግተው አድራሻውን ነው። በኢትዮጵያ ለመንግሥት ተቋማት የተለየው የአድራሻ መጨረሻ «ጎቭ ዶት ኢቲ» ነው። መታየት ያለበት የአድራሻው መጀመሪያ ሳይሆን ከመጀመሪያው ነጠላ ጨረር በፊት ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው። በአድራሻው መሐል «ጎቭ» ወይም «ኢቲ» የሚሉ ቃላት ገብተው መጨረሻው «ዶት ኮም» ወይም ሌላ ከሆነ፣ ቃላቱ ለማስመሰል የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። በእርግጥ አንዳንድ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በሌላ መጨረሻ ይጠቀማሉ፤ በዚህ ጊዜ አድራሻውን ከተጠሪነቱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተነሥቶ መድረስ የተሻለ ማረጋገጫ ነው።

በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት በተገልጋዩና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈው መረጃ በምስጢር የተጠበቀ መሆኑን ብቻ ያመለክታል። የድረ ገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ አይመሰክርም፤ ሐሰተኛ ድረ ገጽም ቁልፉ ሊኖረው ይችላል።

የአንድ ኔትወርክ አባል ድረ ገጾች አድራሻ በሦስት መልክ ሊቀርብ ይችላል፦ የተቋሙ ስም ከዋናው አድራሻ በፊት ሲገባ፣ ከጨረሩ በኋላ ሲገባ፣ ወይም ተቋሙ ፈጽሞ የራሱ አድራሻ ሲኖረው። ሦስቱም ሕጋዊ አሠራሮች በመሆናቸው የአድራሻው ቅርጽ መለያየቱ ብቻውን የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም።

መለያ ስምና የይለፍ ቃል

በአንድ ተቋም ድረ ገጽ ላይ የተከፈተ መለያ በሌላው ላይ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። የተጠቃሚዎች መዝገብ የጋራ በሆነበት ይሠራል፤ ለየብቻ በሆነበት አይሠራም። አንድ ድረ ገጽ የይለፍ ቃሉን ስላልተቀበለ ብቻ ያንኑ ቃል በሌሎች ተመሳሳይ ገጾች ላይ እየሞከሩ መሄድ አይገባም፤ ከመካከላቸው አንዱ ሐሰተኛ ቢሆን ቃሉን ለባዕድ ማስረከብ ይሆናል። በአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥም የመታወቂያ ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ስለሚያዝ፣ አንድ ቅጽ የግል መረጃ ሲጠይቅ ለምን እንደሚፈለግ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው።

ስሕተት ሲገኝ

የይዘት ስሕተት፣ ማለትም የተሳሳተ ክፍያ፣ ያለፈበት ቅጽ ወይም የማይሠራ የስልክ ቁጥር ሲገኝ ጥቆማው የሚቀርበው በገጹ ላይ ስሙ ለሰፈረው ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ወይም የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው። ድረ ገጾቹን በጋራ የሚያስተዳድረው የቴክኒክ ቡድን የሌላውን ተቋም ጽሑፍ የመለወጥ ኃላፊነት ስለሌለው ጥቆማውን ከማስተላለፍ በቀር ሊያደርገው የሚችለው ነገር አይኖርም። በጥቆማው ላይ የገጹን ሙሉ አድራሻ ከነጨረሮቹ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «በድረ ገጻችሁ ላይ» የሚል ጥቆማ ብቻ ከቀረበ ከተመሳሳዮቹ ድረ ገጾች መካከል የትኛው እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ገጹ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ የተነበበበት ቋንቋ፣ የሚቻል ከሆነም በስልክ የተወሰደ የገጹ ምስል ቢያያዝ እርማቱ ይፈጥናል። ከዚህ በፊት ግን ገጹን በአዲስ መልክ መክፈት ይገባል፤ ስልኩ ወይም ሰርቨሩ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ቅጂ አስቀድሞ የታረመውን ጽሑፍ አሮጌ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላልና።

በድረ ገጽ ላይ የወጣን የተሳሳተ መረጃ ተከትሎ ጉዳት የደረሰበት ተገልጋይ አቤቱታውን በመጀመሪያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል፣ ከዚያም ምላሽ ካላገኘ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። ገጹ ከአቤቱታው በኋላ ሊታረም ስለሚችል፣ አድራሻውና ቀኑ የሚታይበት ምስል አስቀድሞ ተወስዶ ከማመልከቻው ጋር መያያዝ አለበት።